ሴት ልጅና ፈረስ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የዚህ ወር ጽሑፌ ስለ አንዲት ጥያቄና ስለ አንድ የችኮላ መልስ ነው። ጥያቄውን ያቀረበችው የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪዬ ናት። የችኮላውን መልስ የሰጠሁት ደግሞ እኔው መምህሯ ነኝ። መልሴ ከክፍል ወጥቶ የት ድረስ እንደተጓዘና ማንን እንዳደከመ ስታነቡ ትታዘቡኝ ይሆናል። ብትታዘቡኝም ይገባኛል።

በሥራ ቀናት በመንግሥት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በሰፈራችን መድረሳ ሴቶች ልጆችን አስቀራለሁ። አንድ እሑድ ጠዋት ሱረቱል-ዓዲያትን እያብራራሁ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) እያለከለኩ በሚሮጡ፣ ኮቴያቸው ከድንጋይ እሳት በሚያወጣ፣ ጎህ ሲቀድ አቧራ እያስነሱ በሚገሠግሡ ፈረሶች መማሉን፣ አስከትሎም የሰው ልጅ ለጌታው ውለታ ቢስ መሆኑን መናገሩን አስረዳሁ። “ፈረስ ጭብጥ ገብስ ላበላው ሰው ይህን ያህል ከታዘዘ፣ ሁሉን የሰጠውን ጌታ የሚረሳ ሰው ምን ይባላል?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

አንዷ እጇን አወጣች። መልስ ልትሰጥ መስሎኝ ነበር። “ኡስታዛ፣ ሴት ልጅ ፈረስ መጋለብ ይፈቀድላታል?” አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን የምትኖር የአክስቷ ልጅ፣ አንዲት ሂጃብ የለበሰች ወጣት በፈረስ ውድድር ሁሉንም ቀድማ ስትገባ የሚያሳይ ፊልም በስልክ ልካላታለች። ተማሪዬ ክረምት ሲገባ አርሲ ወደሚገኙት አያቶቿ ትሄዳለች። አያቷ ፈረስ አላቸው። በክረምቱ ግልቢያ መማር ፈልጋለች።

እኔም ሳላስብ ሳላሰላስል፣ “ለሴት ልጅ ነውር ነው። ኮርቻ ላይ የምትቀመጥ ሴት የተረገመች መሆኗን የሚናገር ሐዲስ አለ” አልኳት። ልጅቷ “እሺ ኡስታዛ” ብላ ተቀመጠች። እኔም ማስቀራቴን ቀጠልኩ።

አኮና ፈረሷ

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ውድ አንባቢያን፣ ትውልዴ ባሌ ነው። ባሌ ደጋ ላይ ፈረስ ቅንጦት አይደለም። ብርዱ፣ ዳገቱና የገበያው ርቀት ወንዱንም ሴቱንም ኮርቻ ላይ ያወጣዋል። አያቴን “አኮ” ነበር የምንላት። በገበያ ቀን የገብሱን ከረጢት ከፊቷ ታስቀምጥና እኔን ከኋላዋ ታፈናጥጠኛለች። ወገቧን አቅፌ፣ ጉንጬን ጀርባዋ ላይ አስደግፌ፣ ጉሙን እየሰነጠቅን እንሄዳለን። የልጓሙ ቀይ ክር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

አኮ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ሆኖም እግሯን እርካብ ውስጥ ስታስገባ “ቢስሚላህ” ትላለች። ኮርቻው ላይ ስትደላደል ደግሞ ይህን እንስሳ ለሰው ልጅ ላገራው ጌታ ጥራት ይገባው የሚለውን የመሣፈሪያ ዱዓ ሳታጓድል ትቀራለች። ሙሉ ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ነው የምትሄደው። መንገድ ላይ የመስጂዳችን ኢማም ሲያገኙን ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። አንድም ቀን “ውረጂ” ሲሏት አልሰማሁም።

በአሥራ አንድ ዓመቴ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። አንድ ቀን በክፍላችን ስለ አኮ ፈረስ ሳወራ ልጆቹ “ባላገር!” ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ፈረስ አውርቼ አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ፣ አንድ ቦታ የሰማሁት ያ ስለ ኮርቻ የሚነገር አባባል ለዝምታዬ ጥሩ መሸፈኛ ሆነልኝ። እነሆ፣ ያን ቀን ነውር ያልኩት የሸሪዓ ነውር አልነበረም። የከተማ ነውር ነበር። ልዩነቱን ሳላስተውል የዲን ልብስ አለበስኩት።

አኮ ወደ አኼራ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። አላህ ይዘንላት። ታዲያ በዚያ እሑድ ጠዋት የረገምኩት ማንን ነበር?

ኪታቦቹ ምን ይላሉ?

ሰኞ ዕለት ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ያስቀሩኝ ኡስታዝ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም “መጀመሪያ የተናገርሽውን አጣሪ፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል” አሉኝ። እኔም የሐዲሱን ነገር አስቀደምኩ።

አባባሉ በሐነፊያ መዝሀብ የፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ተጠቅሶ ይገኛል። ሆኖም በ1836 እ.ኤ.አ. ያረፉት የደማስቆው ዓሊም ኢብኑ ዓቢዲን “ረድ አል-ሙሕታር” በተባለው ታላቅ ኪታባቸው፣ ዘገባው መሠረት የሌለው ነው መባሉን አስፍረዋል። እሳቸው የሚያብራሩት ዋናው ጽሑፍም ቢሆን ክልከላውን ከመዝናናት ጋር ነው ያያዘው። ለሐጅ ወይም ለሌላ አስፈላጊ የዲን ወይም የዱንያ ጉዳይ ከሆነ ችግር እንደሌለው ይገልጻል። ስለዚህ ገበያ የምትሄደዋ አኮ በዚያ ጥብቅ በሚመስለው ጽሑፍ እንኳ አትነካም። ዘገባው መሠረት ከሌለው ደግሞ ለእኛ የሚቀረን ስለ ልብስ፣ ስለ ሐያእና ስለ ደኅንነት የምናውቀው አጠቃላይ ሥርዓት ነው።

ከዚያ ወደ ሲራውና ወደ ሐዲሱ ገባሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስ አወዳድረዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ለውድድር የሠለጠኑትን ፈረሶች ከአል-ሐፍያእ እስከ ሠኒየቱል-ወዳዕ፣ ያልሠለጠኑትን ደግሞ ከሠኒየቱል-ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ አስሮጠዋል። የመጀመሪያው ርቀት አምስት ወይም ስድስት ማይል፣ ሁለተኛው አንድ ማይል ያህል ነበር። ኢብኑ ዑመር ራሱ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበር። በፈረስ ግንባር ላይ እስከ ዕለተ ትንሣኤ መልካም ነገር መታሰሩንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

ስለ ሴቶችስ? ግመል ከሚጋልቡ ሴቶች ሁሉ በላጮቹ የቁረይሽ ደጋግ ሴቶች መሆናቸውን፣ ለልጅ በማዘናቸውና የባልን ንብረት በመጠበቃቸው ያመሰገኑበት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። የዚያ ዘመን ሴት መጋለቧ ማንንም ያላስደነቀ ነገር እንደነበር ከዚህ እንረዳለን። ኡሙ ሐራም ቢንት ሚልሓን (ረ.ዐ) በባሕር ከሚዘምቱት መካከል እንድትሆን ዱዓ እንዲያደርጉላት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቃ ነበር። በሙዓዊያ (ረ.ዐ) ዘመቻ ባሕሩን ተሻግራ ከመርከብ እንደወረደች፣ ከምትሣፈርበት እንስሳ ላይ ወድቃ ሞተች። መቃብሯ እንደሆነ የሚነገርለት ስፍራ ዛሬም በቆጵሮስ ደሴት በላርናካ ከተማ አጠገብ ይጎበኛል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ ግን የአስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ዙበይርን ስታገባ ከፈረሱና ውኃ ከሚጭንበት ግመል በቀር ሀብት አልነበረውም። ፈረሱን የምታበላው፣ የምታጠጣው እሷ ነበረች። የተምር ፍሬ ከሩቅ ማሳ በራሷ ተሸክማ ታመጣለች። ሊጥ ታቦካለች፤ ዳቦ መጋገር ግን አይሆንላትም ነበር። የሚጋግሩላት የአንሷር ጎረቤቶቿ ናቸው። እሷም እውነተኛ ሴቶች ነበሩ ስትል አመስግናቸዋለች። በኋላ አባቷ ፈረሱን የሚንከባከብ አገልጋይ ቢልክላት፣ ከባርነት ነፃ የወጣች ያህል ሆኖ ተሰማት።

እህቶቼ፣ ይህን ዘገባ ልብ በሉት። አንዷ ፈረስ ታበላለች፤ ሌሎቹ ዳቦ ይጋግሩላታል። አንዷ የማትችለውን ሌላዋ ትሸፍንላታለች። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ከመስጂድ የተገኘች ወረቀት

አሁን ተማሪዬ በስልክ ወዳየቻት ወጣት ልውሰዳችሁ። ስሟ ከዲጃ መላህ ይባላል። ያደገችው በደቡብ ለንደን፣ ፔክሃም በተባለው ሰፈር ነው። ፔክሃም የባለሀብቶች መንደር አይደለም። እንግሊዝ አገር ፈረስ ግልቢያ ደግሞ ሰፊ መሬትና ብዙ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። አንዲት የፔክሃም ሙስሊም ልጅ ፈረስ ላይ ትወጣለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

መንገዱን የከፈተችው እናቷ ናት። በአካባቢያቸው መስጂድ ውስጥ ስለ አንድ የፈረስ ክበብ የምታወሳ የማስታወቂያ ወረቀት አገኘችና ለልጇ ወሰደችላት። ክበቡ “ኢቦኒ ሆርስ ክለብ” ይባላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ክበብ ሲሆን፣ በብሪክስተን ሰፈር፣ በሕንፃዎችና በባቡር ሐዲድ መካከል፣ በአካባቢው ላሉ ልጆች ግልቢያና የፈረስ አያያዝ ያስተምራል። ወረቀቷ መስጂድ ባትደርስ፣ ወይም እናቲቱ “ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል” ብላ ብታልፋት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

ከዲጃ በክበቡ ለዓመታት ከተማረች በኋላ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በጉድዉድ ሜዳ ሴቶች ብቻ በሚወዳደሩበት “ማግኖሊያ ካፕ” በተባለ የበጎ አድራጎት ውድድር እንድትሳተፍ ታጨች። የክበብ ፈረስና የእሽቅድምድም ፈረስ አንድ አይደሉም። የእሽቅድምድም ፈረስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው በዚያው ዓመት ሚያዝያ አካባቢ ነበር። ዕድሜዋ 18 ነው። የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ፈተናዋ ተደርቦባታል። በመሐል ደግሞ ረመዳን ገባ። ጾሟን እየጾመች ሠለጠነች።

ነሐሴ 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ከራስ መከላከያዋ ሥር ሂጃቧን አስራ “ሃቨርላንድ” በተባለ ፈረስ ላይ ወጣች። ያሸንፋል ብሎ የገመተው ሰው ጥቂት ነበር። እሷ ግን ቀድማ ገባች። በብሪታንያ ሜዳ በሂጃብ ተወዳድራ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ተባለች። ታሪኳም በዚያው ዓመት በፊልም ተሠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የእንግሊዝ የፈረስ ውድድር ከቁማር ጋር የተጣበቀ ነው። ቁማር በማንኛውም መልኩ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በፈረስ፣ በግመልና በቀስት ውድድር ሽልማት መስጠትን የሚፈቅድ ሐዲስ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ሽልማት ግን ውርርድ አይደለም። ከዲጃን የማነሳው ሜዳውን ሁሉ ለማመስገን አይደለም። ልቤን የሳበው ከድሉ በኋላ የሆነው ነገር ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. “ራይዲንግ ኤ ድሪም አካዳሚ” የተባለ ተቋም ተመሠረተ። በስሟም ለወጣቶች ነፃ የሥልጠና ዕድል ተከፈተ። በሩን አልፋ የገባች ልጅ በሩን ከኋላዋ ሳትዘጋ ቀረች ማለት ነው።

ፈረስ የሚያስተምረው

ለመሆኑ ግልቢያ ለአንዲት ወጣት ምን ይጨምርላታል? የባዮሎጂ መምህርነቴ እዚህ ላይ ይጠቅመኝ ይሆናል።

ፈረስ ሣር በልቶ የሚኖር፣ ለአራዊት ሲሳይ የነበረ እንስሳ ነው። መዳኛው ፈጥኖ መሸሽ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ስፋት ያያል። የማያየው ልክ ከግንባሩ ፊትና ልክ ከጭራው ኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ወደ ፈረስ የሚቀርብ ሰው በትከሻው በኩል፣ ድምፁን እያሰማ፣ በዝግታ መቅረብ አለበት። የፈረስ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፦ ከፊትህ ያለው ፍጡር ከየት እንደሚያይህ ሳታውቅ አትቅረበው። ይህን የተማረች ልጅ ታናሽ ወንድሟን፣ የተቆጣች እናቷን፣ ያኮረፈች ጓደኛዋን እንዴት እንደምትቀርብ አስቡት።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ራስ ነው። ኮርቻ ላይ ያለ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ፣ ጭኑን ሲያጠብቅ፣ ልጓሙን ሲጎትት ፈረሱ ወዲያው ያውቃል። ጋላቢው ከፈራ ፈረሱም ይፈራል። ፈረስ ላይ ሆኖ “አልፈራሁም” ብሎ መዋሸት አይቻልም። መፍትሔው ፈረሱን መምታት ሳይሆን መጀመሪያ ራስን ማረጋጋት ነው። ቁጣውን የሚቆጣጠር እንጂ ታግሎ የሚጥል ጠንካራ እንዳልሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውን የለም? ይህን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ስጽፈው ልጆቹ ይገለብጡታል። ፈረሱ ሲያስተምራቸው ግን በሰውነታቸው ይማሩታል።

ሦስተኛው ወድቆ መነሣት ነው። ግልቢያ የለመደ ሁሉ ወድቆ ያውቃል። አኮም በጭቃ ወቅት አንድ ጊዜ እኔን ይዛ ወድቃለች። መጀመሪያ እጅና እግሬን ዳሰሰች። ቀጥሎ የፈረሱን እግር አየች። ልብሷን ያራገፈችው በመጨረሻ ነው። ከዚያም እያለቀስኩ መልሳ አፈናጠጠችኝ። በዚያን ጊዜ ጨካኝ መስላ ታየችኝ። ዛሬ ፈተና ወድቀው ደብተራቸውን የሚጥሉ ተማሪዎቼን ሳይ ግን፣ ከወደቁ በኋላ መልሶ የሚያፈናጥጣቸው ሰው አጥተው ይሆን እላለሁ።

አራተኛው ትሕትና ነው። ፈረስ የሚጋልብ ሰው ጋጣ ይጠርጋል፤ ፋንድያ ያወጣል፤ ኮቴ ያጸዳል፤ የፈረሱን ላብ ይጠርጋል። ኢማሙ ማሊክ “ሙወጣእ” በተባለው ኪታባቸው እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የፈረሳቸውን ፊት በኩታቸው ሲጠርጉ ታይተዋል። የነቢዩ ኩታ የጠረገውን ለመጥረግ የሚጠየፍ እጅ ማን ሊኖረው ይችላል?

ብቻዋን የጋለበች የለችም

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” እንላለን። እኔ ደግሞ ፈረስ ያደርሳል እንጂ ብቻውን አያሳድግም እላለሁ። ከዲጃን ሜዳ ያደረሳት ፈረሱ ቢሆንም ያሳደጓት ብዙዎች ናቸው። ወረቀቷን ያነሣችው እናቷ፣ በክበቡ ውስጥ ኮርቻ መጫን ያስተማሯት፣ አብረዋት ጋጣ የጠረጉ ልጆች ሁሉ ድርሻ አላቸው። አስማእ (ረ.ዐ) ያለ ዳቦ ጋጋሪ ጎረቤቶቿ ፈረሱንም ቤቱንም ባልቻለችው ነበር።

ይህን በሚገባ የሚያሳየን የሞሮኮ “ተቡሪዳ” ነው። ተቡሪዳ ስሙን ያገኘው ባሩድ ከሚለው የዓረብኛ ቃል ነው። ቁጥራቸው ከ15 እስከ 25 የሚደርስ ጋላቢዎች በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። በመካከል መሪያቸው አለ። ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ጎን ለጎን ሆነው ይጋልባሉ፤ በመጨረሻም መሪው ምልክት ሲሰጥ በባሩድ ብቻ የተጎረሰውን ጠመንጃ በአንድ ጊዜ ይተኩሳሉ። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት በ2021 እ.ኤ.አ. በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። ለረጅም ዘመን የወንዶች ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት የሴቶች ቡድኖችም ተመሥርተው በበዓላትና በውድድሮች ይታያሉ።

በተቡሪዳ ድል ማለት ቀድሞ መድረስ አይደለም። ከመስመሩ የቀደመችውም የዘገየችውም እኩል ታበላሻለች። የሃያ ጠመንጃ ድምፅ እንደ አንድ ተኩስ ሲሰማ ነው ተመልካቹ የሚያደንቀው። ስለዚህ ፈጣኗ ጋላቢ ፈረሷን መግታት፣ ፈሪዋ ደግሞ ልቧን ማጽናት ይኖርባታል። ለሶላት ስንቆም ትከሻችንን ለትከሻ፣ ረድፋችንን ቀጥ የምናደርገው ለምን እንደሆነ ለልጆች ማስረዳት ሲያቅተኝ ይህን ምሳሌ እነግራቸዋለሁ።

የወላጆች ሥጋት

ወላጆች ይህን ስታነቡ የምትሉት ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ከተማሪዎቼ እናቶች ጋር ስነጋገር የሰማኋቸውን ሥጋቶች በቅደም ተከተል ላንሣ።

አንደኛው ልብስና ቅልቅል ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ሰፋ ያለ ሱሪ ከረጅም ቀሚስ በታች፣ በደንብ የታሰረ ሂጃብ፣ የምታስተምራት ሴት ወይም አጠገቧ የሚሆን መሕረም፤ እነዚህ ከተሟሉ የቀረው የኒያ ጉዳይ ነው። የልብሱ ጫፍ እርካብ ውስጥ እንዳይጠመጠም ማየት ደግሞ የደኅንነት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ነው። እውነት ነው፣ ፈረስ ይጥላል። ራስ መከላከያ ባለበት ቦታ ያለ እሱ ማስጋለብ አይገባም። በሌለበት ደግሞ ረጋ ያለ ፈረስ፣ ለስላሳ መሬትና ልጓሙን ይዞ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል። ተወኩል ማለት ግመልን አስሮ በአላህ መመካት ነው።

ሦስተኛው እናቶች ጆሮዬ ላይ ተጠግተው የሚጠይቁኝ ነው፦ “ክብረ ንጽሕናዋስ?” ይህን በግልጽ ካልተናገርኩ መምህርነቴ ምን ይረባል? ስለ ድንግልና ምልክት የሚባለው ስስ ሽፋን ከሴት ሴት የተለያየ ነው። አንዳንዷ ጥቂት ይዛ ትወለዳለች። በዝላይ፣ በስፖርት ወይም በአደጋ ሊለወጥም ይችላል። ከንጽሕና ጋር አንድ አድርጎ ማየት በሳይንስ ስሕተት ነው። በዲንም ቢሆን የጥንት ፉቀሃእ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዝላይ ወይም በቁስል ምክንያት ያጣችው ልጅ በሕግ ፊት ድንግል መሆኗን በኪታቦቻቸው አስፍረዋል። እነሱ ከሺህ ዓመት በፊት የተረዱትን እኛ ዛሬ ለልጆቻችን መከልከያ ብናደርገው ያሳፍራል። የልጅ ንጽሕና ያለው በልቧና በአደቧ ነው።

አራተኛው “ምን ይጠቅማታል?” የሚለው ነው። ከተማ ላይ ፈረስ የት ይገኛል? እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን አናገኝም። ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በእግር ሩጫ ተወዳድረው የለም? አቡ ዳውድ እንደዘገቡት መጀመሪያ እሷ ቀደመች፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ እሳቸው ቀደሟት። የሴት ልጅ አካል መንቀሳቀሱ፣ ልቧ መደፋፈሩ፣ ከእህቶቿ ጋር መሆኗ ነው ቁም ነገሩ። ፈረስ ያለው በፈረስ፣ የሌለው በሚችለው ልጁን ያጠንክር።

በእግሯ የሄደችው አዳዳ

ንባቤና ጥያቄዬ አንድ ወር ያህል ፈጀ። አንድ እሑድ ክፍል ገብቼ ቆምኩ። “ባለፈው ወር ያለ ዕውቀት ተናግሬያለሁ። ያልኩት ሐዲስ መሠረት የለውም። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እናንተም አውፍ በሉኝ” አልኳቸው። ስለ አስማእ፣ ስለ ኡሙ ሐራም ነገርኳቸው። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ያች ተማሪዬ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ እጇን አወጣች። “ኡስታዛ፣ እኔ እኮ ለአዳዳ ነግሬያታለሁ” አለችኝ። አዳዳ አርሲ ያሉት የአባቷ እህት ናቸው። ገበያ የሚሄዱት በፈረስ ነው። ልጅቷ በስልክ “ኡስታዛችን የተረገመ ነው ብላለች” ስትላቸው፣ እሳቸውም በዚያው ሳምንት ኮርቻውን አውርደው ሰቀሉት። አራት ገበያ በእግራቸው ሄደዋል። መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ሱብሐነላህ! እኔ በተመቻቸ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ሳላጣራ በተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንዲት እናት ሸክማቸውን በጀርባቸው አዝለው ዳገት ወጡ። እኔ መረጃ ሳገላብጥ እሳቸው ይራመዱ ነበር። ማግኘት የነበረብኝን መልስ እስካገኝ ድረስ እንኳ “አላውቅም፣ ጠይቄ እነግራችኋለሁ” ብል ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። “አላውቅም” ማለት የዕውቀት ግማሽ ነው ሲሉ ዑለማእ ያስተማሩን በከንቱ አይደለም።

ያን ቀን ስልክ ደወልኩላቸው። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን። ተንቀጥቅጬ ጥፋቴን ነገርኳቸው፤ አውፍ እንዲሉኝም ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም፣ “ልጄ፣ እግሬስ ቢደክም ያርፋል። እኔን ያስጨነቀኝ እናቴ ናት። ዕድሜዋን ሁሉ ፈረስ ላይ ነበረች። ‘ምን ሆና ይሆን?’ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር” አሉኝ።

እኔ ስለ አኮ የተጨነቅኩትን እሳቸውም ስለ እናታቸው ተጨንቀዋል። ሁለታችንም በስልኩ ጫፍና ጫፍ አለቀስን። በመጨረሻ ሳቅ እያሉ፣ “በይ እንግዲህ፣ ልጅቷን ክረምት ላኪልኝ። ፈረሱም ሰንፏል፤ ሁለታችንንም ታለማምደን” አሉኝ።

ተማሪዬ ክረምቱን አርሲ አሳለፈች። ስትመለስ ብዙ አላወራችም። ቅዳሜ ዕለት ሱረቱል-ዓዲያትን ስታሰማኝ ግን፣ የፈረሶቹን ማለክለክ ወደሚያነሣው የመጀመሪያው አንቀጽ ስትደርስ ቆም አለችና ፈገግ አለች። ድምፁን ሰምታዋለችና።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ጥያቄ ይዛ ስትመጣ መልሱ ዲን መሆኑን ወይስ ልማድ መሆኑን ሳትለዩ አትመልሱላት። ውድ እህቶች፣ የምትችሉትን የማትችል እህት አለቻችሁ፤ አፈናጥጧት። አላህ (ሱ.ወ) ምላሳችንን ካለ ዕውቀት ከመናገር፣ ልባችንን ውለታ ቢስ ከመሆን ይጠብቀን። ለአኮና ለአዳዳ እናት፣ ለቀደሙን እናቶቻችን ሁሉ ይዘንላቸው። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።